«ለምን እንዲህ ሆነ?» የበይነ ገጽ ውሳኔን በፓተርን ማስረዳት

ዳግላስ ቦውማን በማርች 2009 ጎግልን ሲለቅ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ምክንያቱን በግል ድረ ገጹ ላይ አሰፈረ። በኩባንያው የቪዥዋል ዲዛይን መሪ ነበር። አንድ ቡድን ከሁለት ሰማያዊ ቀለሞች አንዱን መምረጥ ስላቃተው በሁለቱ መካከል ያሉ 41 ሰማያዊዎችን እየፈተነ እንደሆነ ጻፈ። እሱ ራሱም አንድ የጠርዝ መስመር 3፣ 4 ወይስ 5 ፒክስል ይወፍር በሚል ክርክር ሐሳቡን በማስረጃ እንዲያረጋግጥ ተጠይቆ ነበር።

ይህ ታሪክ በዲዛይነሮች መካከል ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ በመሐንዲሶች ለመሳቅ ነው። እኔ ግን በጠያቂዎቹ ያን ያህል አልፈርድም። የሚሊዮኖች ጣት የሚያርፍበትን ነገር የሚወስን ሰው «ለምን?» ቢባል ሊከፋው አይገባም። የሚያሳዝነው ለጥያቄው የቀረቡት መልሶች ሁለት ብቻ መሆናቸው ነው፤ ወይ «ዓይኔ ነገረኝ»፣ ወይ «ቁጥሩ ይፍረድ»።

ሦስተኛ መልስ ሊሆን የሚችል ነገር አለ። የዩኤክስ (የተጠቃሚ ተሞክሮ) ዲዛይነሮች ፓተርን የሚሉት ተመላልሶ ለሚገጥም ችግር ተመላልሶ የሠራ መፍትሔ ነው፦ የመግቢያ ስክሪኑ፣ የፍለጋ ሳጥኑ፣ ዕቃ ወደ ቅርጫት የሚጨምረው ቁልፍ። በሶፍትዌር ቢሮ ስብሰባ ላይ «ይሄ እኮ የታወቀ ፓተርን ነው» የሚል ዲዛይነር አይጠፋም። ይህ አነጋገር መቼ ማስረጃ እንደሚሆን፣ መቼ ደግሞ የጠያቂን አፍ ማስያዣ ብቻ እንደሆነ ለመለየት ሐሳቡ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ መከተል ይጠቅማል። የደረስኩበትን ከወዲሁ ልናገር፦ ፓተርን ውሳኔን የሚያስረዳው የማይሠራበትን ቦታ አብሮ ሲናገር ነው።

ሐሳቡ የመጣው ከኮምፒውተር ሳይሆን ከሕንፃ ሥራ ነው። በቪየና የተወለደው አርክቴክት ክሪስቶፈር አሌክሳንደር በካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ ሲያስተምር ከባልደረቦቹ ጋር በ1977 «ኤ ፓተርን ላንጉጅ» የተሰኘ ግዙፍ መጽሐፍ አሳተመ። 253 ፓተርኖች አሉት፤ ከክልልና ከከተማ አደረጃጀት ተነሥቶ እስከ ወንበርና መብራት ይወርዳል። እያንዳንዱ ፓተርን አንድ ዓይነት አቀራረብ አለው። ስሙና ፎቶው ይቀድማል፤ ከየትኞቹ ትልልቅ ፓተርኖች ሥር እንደሚገባ ይነገራል፤ ችግሩ በደማቅ ፊደል ይጻፋል፤ ከዚያ ማስረጃና ክርክር ይከተላል። በመጨረሻ «ስለዚህ» የምትል ቃል ብቻዋን ትቆምና መመሪያው ይመጣል።

ቁጥር 167 ስለ በረንዳ ነው። ጥልቀቱ ከስድስት ጫማ፣ ማለትም ከ1.8 ሜትር ገደማ ያነሰ በረንዳ ሰው አይጠቀምበትም ይላል። ምክንያቱንም ያስቀምጣል፤ ሁለት ሦስት ሰው ትንሽ ጠረጴዛ ከብቦ እግሩን ዘርግቶ ሊቀመጥ የሚችልበት ስፋት ያስፈልጋል። የአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ይህን ለማመን ጥናት አይሻም። ጠባቡ በረንዳ ላይ የተሰጣ ልብስና የተደረደረ ጀሪካን እንጂ የተቀመጠ ሰው ብዙ አይታይም። እንግዲህ ባለቤቱ አርክቴክቱን «በረንዳውን ለምን አሰፋኸው? ክፍሉን እኮ አጠበብክብኝ» ቢለው፣ አርክቴክቱ «እኔ ስለወደድኩት» ከማለት የተሻለ መልስ አለው። ባለቤቱም መልሱን በገዛ ዓይኑ ሊመረምረው፣ ካላመነበትም ሊሞግተው ይችላል።

ከሁሉ የምወድለት ግን ኮከቦቹን ነው። አሌክሳንደርና ባልደረቦቹ በእያንዳንዱ ፓተርን ስም ጎን ኮከብ ያደርጋሉ። ሁለት ኮከብ ካለው ከእውነተኛው ነገር ደርሰናል ብለው ያምናሉ፤ አንድ ኮከብ ካለው ጀምረነዋል፣ ሊሻሻል ይችላል ማለታቸው ነው፤ ኮከብ ከሌለው ደግሞ ሌላም መንገድ እንዳለ እርግጠኞች ናቸው። ዛሬ በየድረ ገጹ ከምናየው የፓተርን ስብስብ ውስጥ የራሱን እርግጠኝነት እንዲህ በግልጽ የሚመዝን ጥቂት ነው።

በሶፍትዌሩ ዓለም ሐሳቡ በ1987 ሲገባ የመጀመሪያ ማረፊያው በይነ ገጽ መሆኑ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ኬንት ቤክና ዋርድ ከኒንግሃም ቴክትሮኒክስ በተባለው ኩባንያ የሴሚኮንዳክተር መፈተሻ ቡድንን ሲያማክሩ ዲዛይኑ አላልቅ አለ። ያኔ ያደረጉት ነገር ደፋር ነበር፤ የመስኮቶቹን ዲዛይን ለራሳቸው ለተጠቃሚዎቹ ተወካዮች ሰጡ። መርጃ ይሆኗቸው ዘንድ አምስት ፓተርን ብቻ አስተማሯቸው። ለእያንዳንዱ ተግባር አንድ መስኮት ይሁን፤ በመስኮት ውስጥ ክፍልፋይ አይብዛ፤ ክፍልፋዮቹ የታወቁት ዓይነት ይሁኑ፤ ሜኑ ይጠር፤ አምስተኛው ደግሞ የሚቆዩ ነገሮችን በዝርዝር፣ የሚደረጉ ነገሮችን በሜኑ እንዲለዩ የሚያደርግ ነበር። ፕሮግራም የማይጽፉት ሰዎች ያወጡት ዲዛይን ቀለል ያለና የሚያምር ሆነ፤ ሁለቱ አማካሪዎችም መደነቃቸውን ጻፉ። ፓተርኑ እዚህ ውሳኔን ካለቀ በኋላ የሚያስረዳ ብቻ አልነበረም። ውሳኔውን ከባለሙያ እጅ አውጥቶ ባለጉዳዩ ፊት ያስቀመጠ ነበር።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። በ1994 ኤሪክ ጋማና ሦስት ባልደረቦቹ 23 የፕሮግራም አጻጻፍ ፓተርኖችን ሰብስበው አወጡ። መጽሐፉ በዓለም ዙሪያ የፕሮግራመሮች መማሪያ ሆነ፤ ተጠቃሚው ግን ከጠረጴዛው ተነሣ። አሌክሳንደር ራሱ በ1996 በሳን ሆዜ ለሶፍትዌር ሰዎች ንግግር እንዲያደርግ ተጋብዞ ሲመጣ የጠየቃቸው ይህንኑ የሚነካ ነበር፦ ፓተርኖቻችሁ የሰዎችን ሕይወት የተሻለ ያደርጋሉን? ከኒንግሃም ደግሞ በ1995 ፓተርኖች የሚከማቹበትና ማንም ሰው ገብቶ የሚያርመው ድረ ገጽ ሠርቶ «ዊኪ» አለው። ዊኪፔዲያ የቆመበት አሠራር የተወለደው እዚያ ነው።

በሌላው መንገድ የበይነ ገጽ ሰዎች ቀጠሉ። ጄኒፈር ቲድዌል በ1990ዎቹ መጨረሻ የጀመረችውን ስብስብ በ2005 «ዲዛይኒንግ ኢንተርፌስስ» ብላ አሳተመች። የእሷ አቀራረብ ከአሌክሳንደር አጠር ያለ ነው፤ ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደሚያገለግል፣ ለምን፣ እንዴት፣ ከዚያ ምሳሌ። ያሁ በ2006 በውስጥ ይጠቀምበት ከነበረው የፓተርን ቤተ መጻሕፍት የተወሰነውን ለሕዝብ ከፈተ።  

ለርእሳችን ይበልጥ የሚቀርበው ግን የቶማስ ኤሪክሰን ጽሑፍ ነው። የአይቢኤም ተመራማሪ በነበረበት በ2000 ያቀረበው ክርክር ፓተርኖች በመጀመሪያ ደረጃ የዲዛይነሮች መሣሪያ ሳይሆኑ፣ ሙያቸው የተለያየ ሰዎች በአንድ ጉዳይ ላይ የሚነጋገሩበት የጋራ መግባቢያ መሆን አለባቸው የሚል ነበር። በአንድ ፕሮጀክት ዙሪያ መሐንዲስ፣ የገበያ ባለሙያ፣ ሥራ አስኪያጅና ደንበኛ ይቀመጣሉ፤ የጋራ ቃል ከሌላቸው ደመወዙ የሚበልጠው ሰው ጣዕም ያሸንፋል። የቶም ግሪቨር የ2015 መጽሐፍም ዲዛይነር ላልሆኑ አለቆች ውሳኔን ስለማስረዳት ነው፤ የሚመክረውም ውይይቱን ከ«ወደድኩት፣ አልወደድኩትም» አውጥቶ ንድፉ የትኛውን ችግር እንደሚፈታ ወደ መናገር ማምጣትን ነው።

ይህ በተግባር ምን እንደሚመስል አንድ ውሳኔ ወስጄ ላሳይ። ተጠቃሚው ደብዳቤ ሊያጠፋ ነው። አንዱ ፓተርን «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ይጠይቃል። ሌላው ዝም ብሎ ያጠፋና ለጥቂት ሴኮንዶች «ቀልብስ» የሚል ቁልፍ ያሳያል። የትኛው ይመረጥ? አዛ ራስኪን በ2007 በጻፈው መጣጥፍ ለሁለተኛው ተሟግቷል። ምክንያቱ ከሰው ልማድ ይነሣል። «አጥፋ» የሚለውን የሚጫን ሰው አብዛኛውን ጊዜ ማጥፋት ነው የፈለገው፤ ጥያቄው ሲመጣ «አዎ» ይላል። ይህ ሃምሳ ጊዜ ሲደጋገም «አጥፋ» እና «አዎ» በእጁ ላይ አንድ ድርጊት ይሆናሉ። በሃምሳ አንደኛው ጊዜ ሲሳሳት ጥያቄውን ሳያነብ «አዎ» ብሎ ያልፋል። ስሕተቱ የሚገባን ከሠራነው በኋላ ስለሆነ መከላከያውም ከድርጊቱ በኋላ መምጣት አለበት። ጂሜይል የላኩትን ደብዳቤ የመመለስ አማራጭን በ2009 በሙከራ፣ በ2015 በይፋ ያስገባው በዚህ መንፈስ ነው። ደብዳቤው በእርግጥ ተልኮ አይመለስም፤ ከ5 እስከ 30 ሴኮንድ ተይዞ ይቆያል እንጂ።

«እንግዲያው በየቦታው ቀልብስን እናድርግ» የሚል ሰው ቢነሣ ፓተርኑን በስሙ ብቻ የያዘ ነው። በሞባይል ገንዘብ ሲላክ ጉዳዩ ይለወጣል። ብሩ ደርሶ ተቀባዩ ወዲያው ካወጣው የሚቀለበስ ነገር የለም። ላኪውም የሚሳሳተው በልማድ ሳይሆን በቁጥር ነው፤ አንዲት አኃዝ ትዘላለች፣ ብሩ ወደማያውቀው ሰው ይሄዳል። ለዚህ ስሕተት የሚሆነው መከላከያ ከመላኩ በፊት የተቀባዩን ስም ማሳየት ነው። የኬንያው ሳፋሪኮም ለኤምፔሳ «ሃኪኪሻ» ብሎ የጨመረው አገልግሎት ይህን ያደርጋል። ይህም የማረጋገጫ ጥያቄ ነው፤ ነገር ግን ተጠቃሚው የማያውቀውን አዲስ ነገር ይነግረዋል። ባዶው «እርግጠኛ ነዎት?» ምንም አይነግረውም። በሁለቱ ስክሪኖች መካከል ያለው ልዩነት በመልክ ኢምንት ነው። ልዩነቱን ማስረዳት የሚችለው ስሕተቱ ከየት እንደሚመጣ የሚናገር ሰው ብቻ ነው።

የዚህ ዓይነቱን ማስረዳት በአደባባይ፣ ለዓመታት፣ ሳይታክት የሠራው የብሪታንያ መንግሥት ዲጂታል አገልግሎት ነው። መሥሪያ ቤቱ በ2011 ተቋቁሞ በ2012 የመንግሥት ድረ ገጾችን ወደ አንድ መሰብሰብ ጀመረ፤ የዲዛይን ሲስተሙን በ2018 አወጣ። ከሚታወቁት ፓተርኖቹ አንዱ በአንድ ገጽ አንድ ነገር ብቻ መጠየቅ ነው። ሥራ አስኪያጆች ሲያዩት የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ለምን አሥር ገጽ? በአንድ ገጽ አይሰበሰብም?» መሆኑ አይቀርም። መልሱ ተዘጋጅቷል፤ ሰው በአንድ ጥያቄ ላይ ብቻ ሲያተኩር ይገባዋል፤ ስሕተት ሲሠራ የት እንደሆነ አይጠፋውም፤ በትንሽ ስልክ ላይም ይነበባል፤ ቀጣዩንም ጥያቄ በቀደመው መልስ መሠረት መምረጥ ይቻላል። የልደት ቀንን ለመጠየቅ ደግሞ ካላንደር አያወጡም፤ ቀን፣ ወር፣ ዓመት የሚጻፍባቸው ሦስት ሳጥኖች ይሰጣሉ። የልደት ቀኑን ሰው በቃሉ ያውቀዋልና ካላንደር ላይ ስድሳ ዓመት ወደ ኋላ መገስገስ አይጠበቅበትም። የቀጠሮ ቀን ቢሆን ኖሮ ካላንደሩ ትርጉም ይኖረው ነበር፤ ማክሰኞ መሆኑን ማየት አለብን።

ሲሳሳቱም ምክንያቱን ይጽፋሉ። በኤችቲኤምኤል ለቁጥር ተብሎ የተዘጋጀ የመጻፊያ ሳጥን አለ፤ ማንም ፕሮግራመር ቁጥር ሲጠይቅ እሱን ቢመርጥ አይፈረድበትም። በ2020 ቡድኑ ይህን ሳጥን ተወው፤ ለምን እንደተወውም አሳተመ። ሰው ገጹን በማውዝ ጎማ ሲያንሸራትት የጻፈው ቁጥር ሳያውቀው ይለወጥበታል፤ በድምፅ ለሚያዙና በስክሪን አንባቢ ለሚጠቀሙ ሰዎችም ሳጥኑ እንደሚገባ አይሠራም። ምትኩ ስልክ ላይ የቁጥር መጻፊያ የሚያወጣ ተራ የጽሑፍ ሳጥን ነው። ውሳኔው የሌላ አገር መሥሪያ ቤት ቢሆንም የአዲስ አበባ ፕሮግራመር አንብቦ በራሱ ስልክ ሊፈትነው ይችላል።

ይህን ሁሉ ሳያደርጉ «ሁሉም ይጠቀምበታል» ማለት ይቀላል። በስልክ ስክሪን ጥግ የምናያት ሦስት መስመር ያላት የሜኑ ምልክት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት። ምልክቷን የሳለው ኖርም ኮክስ ነው፤ በ1981 ለወጣው የዜሮክስ ስታር ኮምፒውተር። ስማርት ስልክ ሲስፋፋ ሁሉም ተቀበላት፤ ቦታ ትቆጥባለችና። ኒልሰን ኖርማን ግሩፕ በ2016 በ179 ሰዎች ባደረገው ጥናት ግን ዋናው ሜኑ ሲደበቅ ሰዎች የሚፈልጉትን ነገር የማግኘት ዕድላቸው በግማሽ ገደማ ቀንሷል። መስፋፋት ማስረጃ ቢሆን ኖሮ ይህ ውጤት አይወጣም ነበር። በአንጻሩ ከዚያው ድርጅት መሥራቾች አንዱ ያኮብ ኒልሰን ሰዎች አብዛኛውን ጊዜያቸውን የሚያሳልፉት በሌሎች ድረ ገጾች ላይ ስለሆነ የእርስዎም እንደዚያው እንዲሠራ ይጠብቃሉ ይላል። ይህም እውነት ነው። መለመድ አንድ ምክንያት ነው፤ የሚከበርም ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ኤትሲ የተባለው የእጅ ሥራ ገበያ በ2012 የፍለጋ ውጤቱን ማብቂያ በሌለው ማሸብለል ቀይሮ ሲፈትነው ገዢዎች ከፍለጋው ራቁ፤ ወደ ነበረበት መለሰው። ለወሬ ማያ ገጽ የሚመቸው ዕቃ ለሚመርጥ ሰው አልመቸም።

በዩኒቨርሲቲዎች በኩል ውሳኔን ማስረዳት ራሱን የቻለ የምርምር ዘርፍ ሆኖ ነበር። ከሆርስት ሪትል የ1970ዎቹ ሥራ ተነሥቶ በ1991 አለን ማክሊንና ባልደረቦቹ እያንዳንዱን ውሳኔ በጥያቄ፣ በአማራጭና በመስፈርት የሚመዘግብ ስልት አቀረቡ። በወረቀት ላይ ያማረ ነበር፤ ቢሮ ውስጥ ግን አልጸናም። ድካሙ በሚጽፈው ሰው ላይ ነው፤ ጥቅሙ ከሁለት ዓመት በኋላ ለሚመጣ ባልደረባ። በጥድፊያ የሚሠራ ቡድን ለማያውቀው ሰው ብሎ አይጽፍም። ፓተርን በዚህ በኩል ብልጫ አለው፤ ምክንያቱ አንድ ጊዜ ተጽፎ ለብዙ ውሳኔዎች ያገለግላል። ሆኖም አንዲ ዲርደንና ጃኔት ፊንሌይ በ2006 ዘርፉን በሰፊው ሲገመግሙ፣ ፓተርን ዲዛይንን ያሻሽላል ለሚለው ተስፋ የቀረበው ማስረጃ ከተስፋው ያነሰ መሆኑን አመልክተዋል። ከዚያ ወዲህ የመጡት እንደ ቡትስትራፕ (2011) እና ማቴሪያል ዲዛይን (2014) ያሉ ስብስቦች ነገሩን አፋጠኑት እንጂ አላጠሩትም። ዝግጁ ቁልፍና ዝግጁ ፎርም ሲገኝ ምክንያቱን የሚያነብ ሰው ይቀንሳል።

ዝግጁው ነገር የተሠራበት አውድ ከእኛ ሲለይ ደግሞ ጉዳቱ በቀጥታ ይታያል። የመጀመሪያ ስም፣ የመካከል ስም፣ የቤተሰብ ስም የሚጠይቀው ፎርም በዓለም ላይ በጣም ከተለመዱት ፓተርኖች አንዱ ነው። ኢትዮጵያዊ ስሙን ከአባቱና ከአያቱ ስም ጋር ይጠራል፤ የቤተሰብ ስም የለውም። አሜሪካ ሲደርስ የአባቱ ወይም የአያቱ ስም በቤተሰብ ስም ሳጥን ይገባል። ባልና ሚስት፣ አባትና ልጅ በመዝገብ ላይ እንደማይዛመዱ ሰዎች ይሆናሉ፤ ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት በሄዱ ቁጥር ማስረዳት የእነሱ ዕዳ ነው። በእስራኤልም ቤተ እስራኤላውያን ሲገቡ የአባት ወይም የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ተመዝግቦባቸዋል። ፓትሪክ ማከንዚ በ2010 ፕሮግራመሮች ስለ ስም የሚያምኗቸውን 40 ስሕተቶች ሲዘረዝር ብዙዎቹ ለሐበሻ አንባቢ አዲስ አልነበሩም። የብሪታንያው ዲዛይን ሲስተም ከተቻለ ሙሉ ስም የሚጻፍበት አንድ ሳጥን ብቻ እንዲደረግ የሚመክረው ሰው ስሙን በራሱ ሥርዓት እንዲጽፍ ነው።

ቀንና ሰዓትም እንዲሁ ናቸው። ዝርዝሩ በታኅሣሥ ወይም በነሐሴ ከሚያበቃ የወር መምረጫ ውስጥ ጳጉሜን 3 የተወለደ ልጅ ቦታ የለውም። ቀጠሮ ሰጪ አፕ በአማርኛ «3 ሰዓት» ሲል ከጠዋቱ ሦስት ነው ወይስ ፈረንጆቹ ሦስት የሚሉት ዘጠኝ ሰዓት? ምክንያቱ የቴክኖሎጂ እጥረት አይደለም። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የገባው በ1999 ነው፤ የኢትዮጵያን ካላንደር የሚያሰሉ መሣሪያዎች ዛሬ በአሳሾች ውስጥ ሳይቀር አሉ። የቀረው የሚጠይቅ ሰው ነው። ማቴሪያል ዲዛይን በመጀመሪያ ዘመኑ የቁልፍ ጽሑፎችን በትልልቅ ፊደላት ይጽፍ ነበር፤ ቁልፍ መሆናቸው ከሚለይባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነበርና። ግዕዝ ትልቅና ትንሽ ፊደል ስለሌለው ዳራ የሌለው ቁልፍ አማርኛ ሲጻፍበት ከተራ ጽሑፍ አይለይም። ፓተርኑን በስሙ የተቀበለ ዲዛይነር ይህን አያይም፤ ምክንያቱን ያነበበ ግን ልዩነቱን በቀለም ወይም በጠርዝ ይተካዋል።

ኢንተርኔት የሌለው ስልክ በኮድ የሚያወጣው ሜኑ፣ ዩኤስኤስዲ የሚባለው፣ በመጽሔት ብዙ አይወራለትም፤ እኔ ግን የበይነ ገጽ ዲዛይን ትምህርት ቤት ነው እላለሁ። ቴሌብር በሜይ 2021 ሲጀመርም *127# አብሮት ነበር። በዚህ መንገድ አንድ ስክሪን የሚይዘው 160 ባይት ነው፤ በላቲን ፊደል 182 ሆሄያት፣ በግዕዝ ግን 80 ብቻ፤ እያንዳንዱ የግዕዝ ሆሄ ሁለት ባይት ይወስዳልና። አማርኛ በአንድ ሆሄ ተነባቢና አናባቢን አብሮ ስለሚጽፍ ጉድለቱ በከፊል ይካካሳል እንጂ አይጠፋም። ከእንግሊዝኛው ቃል በቃል የተወሰደ ሰባት አማራጭ ያለው ሜኑ በአማርኛ ተቆርጦ ወደ ሁለተኛ ገጽ ይሻገራል። ተጠቃሚውም ቁጥር እስኪጫን ድረስ የመስመሩ ጊዜ ሊያልቅ ይችላል። እዚህ ላይ የቤክና የከኒንግሃም «ሜኑ ይጠር» የሚለው ምክር ምክንያቱ ሌላ ሆኖ ይመለሳል፤ ለዓይን ዕረፍት ሳይሆን ለባይት ሲባል።

ሌላው ፈተና ፓተርኑ ለማን እንደሚያደላ ነው። ሃሪ ብሪግነል በ2010 ተጠቃሚን አታልለው ያልፈለገውን የሚያስደርጉትን ዳርክ ፓተርን ብሎ ሰየማቸው፤ እያንዳንዱንም መዝግቦ አጋለጠ። የእነዚህ ፓተርኖች ባለቤቶች ማስረዳት አያቅታቸውም፤ ቁጥራቸው ያማረ ነው። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2023 በአማዞን ላይ ባቀረበው ክስ፣ ኩባንያው የፕራይም አባልነትን የመሰረዝ ሂደቱን በውስጥ «ኢሊያድ» ብሎ እንደሚጠራው ገለጸ፤ ረጅሙን የሆሜር ግጥም ማለት ነው። በሴፕቴምበር 2025 አማዞን 2.5 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግም በ25ኛው አንቀጹ እንዲህ ዓይነቱን አሠራር ይከለክላል። ለመሰረዝ የሚደረገው ድርብርብ ማረጋገጫ በቅርጹ ገንዘብ ሲላክ ከሚደረገው ማረጋገጫ ጋር አንድ ነው። አንዱ ሊያስቀር የሚፈልገው የተጠቃሚውን ስሕተት ነው፤ ሌላው የተጠቃሚውን ፈቃድ። ያው ለቀልብስ የተሟገተው አዛ ራስኪን ማብቂያ የሌለውን ማሸብለል ፈጥሮ በኋላ በይፋ ተጸጽቷል። ችሎታው አልተለወጠም፤ በ«ስለዚህ» እና በችግሩ መካከል የተቀመጠው ጥቅም የማን እንደሆነ ነው የተለወጠው። ምክንያቱን ለአለቃው እንጂ ለተጠቃሚው ሊያነብለት የማይችል ዲዛይነር የያዘው ማስረጃ ሳይሆን ሰበብ ነው።

እስካሁን ያለው ልምድ ለእኛ ፎርሞች ቢውል አንድ ፓተርን እንዲህ ሊጻፍ ይችላል። ስሙ፦ ሦስት የስም ሳጥን። አውድ፦ አብዛኛው ተጠቃሚ ኢትዮጵያዊ የሆነበት አገልግሎት። ችግሩ፦ በአንድ ሳጥን ሙሉ ስም ሲጠየቅ አንዱ በሁለት ስም ያቆማል፣ ሌላው ሦስቱን ይጽፋል፤ መዝገብ ሲመሳከር አንድ ሰው ሁለት ይሆናል። የመጀመሪያና የቤተሰብ ስም ሲጠየቅ ደግሞ አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ያስገባል። ስለዚህ፦ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ተብለው ይጠየቁ፤ ሰላምታና ደብዳቤ ሁልጊዜ በመጀመሪያው ስም ይሁን፤ «ውድ አቶ» ብሎ የአያትን ስም መጥራት ሰውየውን ሳይሆን አያቱን መጥራት ነው። እንደ ወልደ ማርያምና ገብረ ሥላሴ ያሉ ስሞች በሁለት ቃል ስለሚጻፉ ሳጥኑ በቃላት መካከል ክፍት ቦታ ይፍቀድ። እርግጠኝነት፦ አንድ ኮከብ። የማይሠራበት፦ በፓስፖርት ከተጻፈው ጋር መመሳሰል ግድ የሆነበት የአየር ቲኬትና የውጭ ሐዋላ፤ እዚያ ፓስፖርቱ ላይ ያለው ሳይነካ ይገልበጥ። አባታቸው የማይታወቅ ልጆች ለሚመዘገቡበትም ሁለተኛውና ሦስተኛው ሳጥን ግዴታ መሆናቸው ይቅር።